ዝም ያለችው ሳውንድ ካርድ እና የአብዱ ሾፌር ካሴት

«ዛሬ አይሆንም አልኩህ እኮ፣ ሙባረክ! ስልክህን አስቀምጥ።»

«ለምንድን ነው የማይሆነው?»

«ፀጉሯ አልተሠራም፤ የሌሊት ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ጁምዓ ሁላችንም እንሰበሰብ የለ? ያኔ በወጉ እንቀዳታለን።»

የምታንባርቅብኝ ታናሽ እህቴ ሀያት ናት። የቆምነው እናታችን አልጋ አጠገብ ነው። እናታችን ታማ ከተኛች ሁለት ወር አልፏታል፤ ከ«ውኃ» እና ከ«አልሐምዱሊላህ» ሌላ ቃል ከአፏ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ግማሽ ብርቱካን በላችና ማንም ሳይጠይቃት ደዶ ስላደገችበት ቤት ማውራት ጀመረች። ስልኬን አውጥቼ ልቀዳ ስል ሀያት እጄን ያዘችኝ።

«ድምጿን ነው የምቀዳው፤ መልኳን አይደለም» አልኳት።

«ድምጿስ ቢሆን! ቤተሰቡ ሳይሰበሰብ፣ ሰሚ በሌለበት? ለግድግዳ ነው እንዴ የምታወራው?»

የሰው ድምፅ ሰሚ በሌለበት አይቀዳም ብሎ ማሰብ ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ጅማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ያወቅሁት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በቾ ቦሬ በሚባለው የጅማ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ እህል ነጋዴ መካከል በተሰነቀረች ክፍል ማመልከቻ እተይባለሁ፤ ዘፈንና መንዙማ በሲዲ እገለብጣለሁ። ሥራ ሲጠፋ በተበላሹ ማመልከቻዎች ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ኮምፒውተርም እንደዚያው። ሁለቱንም በመነካካት ነው የለመድኳቸው። አንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የማይሆንልኝ፣ ያልተረዳሁትን ነገር «ይሆናል» ማለት የሚቀናኝ ልጅ ነበርኩ።

የሱቋን ኮምፒውተር ቫይረስ ስለጨረሰው አንድ ደንበኛ በሰጠኝ ሲዲ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት ጫንኩበት። ቫይረሱም ለቀቀን። ድምፁን ያጠፋብኝ ግን ሊኑክስ ነው ብል ማማት ይሆንብኛል፤ ያጠፋው መብራት ነው። አንድ ቀን ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ላይ ያለውን የድምፅ ክፍል አቃጠለው። ከዚያ በኋላ መተየብ እንጂ ማሰማት የማይችል ማሽን ይዤ ቀረሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ቡናው በየግቢው ተሰጥቷል፤ የገለባው ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከእንጀራው ጋር አብሮ ይጎረሳል። ዝናቡ ግን ጊዜው አልፎም አልወጣ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ሸራ ይዞ ይሮጣል። እንዲህ ባለ አንድ ማክሰኞ አደ ነፊሳ የሱቁን ደጃፍ አንኳኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ እሳቸው ግን ሳያንኳኩ አይገቡም።

አደ ነፊሳ፣ «አደ» በእኛ ዘንድ እንደ «እማማ» ነው፣ የአብዱ ሾፌር ባለቤት ናቸው። አብዱ ከደዶ ጅማ ቡና ሲያመላልስ ያረጀ ሰው ነው፤ ሕፃን ሽማግሌው «አንተ» ይለው ነበር፣ እሱም ይወደው ነበር። ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ ሞተ። ሕመሙ እንደማይለቀው ሲገባው ለመጨረሻ ልጁ ለዘሀራ ምርቃቷን በካሴት ቀድቶ አኖረላት። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ አባቷ ሳይመርቃት ከቤት አትወጣም። አባት ከሌለ አጎት ይመርቃል፤ አጎት ግን አባት አይሆንም። ዘሀራ እሑድ ልትዳር ነው። ካሴቱ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ ከርሞ ሻግቷል።

«ሬዲዮ ጠጋኙ አንዴ ቢያጫውት ነው፣ ሁለተኛ አይደግምም አለኝ» አሉኝ። ኮምፒውተሩን በአገጫቸው አመለከቱ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ እዚያ ውስጥ አግባልኝ። እሑድ በድምፅ ማጉያ አባቷ ራሱ ይመርቃታል።»

«ይሆናል፣ አደ» አልኩ።

ማሽኑ ዲዳ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

እሳቸው እንደወጡ ከአንድ የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የተቃጠለውን የድምፅ ክፍል የምትተካ ሳውንድ ካርድ ነቀልኩ። አረንጓዴ፣ አቧራ የጠጣች፣ ከእኔ ኮምፒውተር በዕድሜ የምትበልጥ ካርድ ናት። ጫፏ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ሰማያዊው ከውጭ ድምፅ የሚያስገባው ነው፤ የአብዱም ድምፅ በዚያ መግባት አለበት። ጥርሶቿን በላጲስ ፈግፍጌ ሰካኋት። ሊኑክስን አይተሃታል ወይ ብዬ ስጠይቀው ስሟን ከነቁጥሯ ጻፈልኝ። በደስታ ዘፈን ከፈትኩ። ዝም።

ረቡዕ ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ዋልኩ። አንድ ገጽ እስኪከፈት አንድ የበቆሎ ጥብስ ተበልቶ ያልቃል። ያቺው ዓይነት ካርድ ዝም ያለችባቸው ሰዎች በየአገሩ ተቀምጠው ሲጻጻፉ አገኘኋቸው፤ አንዱ ለሌላው «ጣላትና አዲስ ግዛ» ይለዋል። ጅማ አዲስ ሳውንድ ካርድ የሚሸጥ ቢኖር እኔም እመክር ነበር። ገጾቹን አሳትሜ በመዝገበ ቃላት ፈታኋቸው። ሊኑክስ ድምፁን የሚልከው ወደ ተቃጠለው ክፍል ኖሯል፤ ለሊኑክስ አንደኛው የተቃጠለው ነው፣ የእኔዋ ካርድ ሁለተኛ። ማሽኑ ሲነሳ ወደሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ገብቼ የተቃጠለውን ዘጋሁት። ካርዷ አንደኛ ሆነች። ዘፈን ከፈትኩ። አሁንም ዝም።

አደ ነፊሳ በየቀኑ ይመጣሉ። «ተናገረ?» ይሉኛል ከደጅ።

«ነገ፣ አደ።»

ሐሙስ ዕለት ለሠርጉ ከተዘጋጀው ጩኮ በትንሽ ሣህን ይዘውልኝ መጡ። ጩኮ እወዳለሁ፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት እንዴት ይጠላል? ያን ቀን ግን ሣህኑን ሳልነካው ለልብስ ሰፊው አሳለፍኩት። «አልቻልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» የሚለውን በልቤ ስንቴ እንዳጠናሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እሳቸው ደጃፉ ላይ ሲቆሙ ግን ምላሴ ሌላ ይላል።

ዓርብ ዘሀራ ራሷ መጣች። ሂናው እጇ ላይ ገና አልደረቀም፤ ጣቶቿን ከፍታ አየር ላይ ይዛቸዋለች።

«ሙባረክ፣ ካልሆነ ንገረኝ። እማን ተዋት፤ ለእኔ ንገረኝ።»

«ይሆናል።»

«ወላሂ በል።»

«ይሆናል አልኩሽ እኮ፣ ዘሀራ።»

አየችኝ። ወላሂ እንዳላልኩ ሁለታችንም አወቅን። ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ካርዷን ከአንዱ ማስገቢያ ወደ ሌላው አዛወርኩ፤ ሊኑክስን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ግጥም ጀመርኩ፣ ቀደድኩት። ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ «ያ ረቢ፣ አንድ ድምፅ ብቻ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ካሳተምኳቸው ወረቀቶች አንዱን ለአራተኛ ጊዜ ሳነብ ያልፈታሁት አንድ ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። ሊኑክስ አዲስ ካርድ ሲያገኝ መስመሮቿን ሁሉ አፍኖ ነው የሚነሳው፤ አንድ በአንድ መክፈት የተጠቃሚው ፈንታ ነው። የድምፁ መቆጣጠሪያ ላይ የተደረደሩትን ዘንጎች አራት ቀን ሳያቸው ኖሬአለሁ። ከእያንዳንዳቸው ሥር መታፈናቸውን የሚናገር ምልክት አለ፤ እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ቀድሜ ከፍቼ የረሳሁት ዘፈን ሱቋን አናወጣት።

«ምን ፈነዳ?» አለ ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ማዶ።

«ተናገረ!» አልኩት። የአደ ነፊሳ ቃል አፌ ላይ ስለነበር ነው።

ሰማያዊውንም መስመር ከፈትኩት። የካሴት ማጫወቻ ቴፔን በሽቦ ሰክቼበት በዘፈን ካሴት ሞከርኩ፤ ጥርት አድርጎ ቀዳ። ከዚያ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ የአብዱን ካሴት ቴፑ ውስጥ አስገባሁ፤ ኮምፒውተሩን «ቅዳ» አልኩት፤ ቴፑን ተጫንኩ።

መጀመሪያ የመጣው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ቀጥሎ ሳል። ቀጥሎ አብዱ።

«ቢስሚላሂ። ዘሀራ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አባትሽ ነኝ። እኔ ማርሽ መቀየር እንጂ ንግግር አላውቅም። የምትሄጂበት መንገድ ጭቃው ይድረቅልሽ። አሚን በይ።»

አለና ጠበቀ። ካሴቱ ላይ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ልጁ «አሚን» እስክትል የሚበቃ ጊዜ ትቶላት ነበር። በባዶዋ ሱቅ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አሚኑ ደግሞ የእኔ አይደለም።

«ዳገት ላይ የሚገፋሽ፣ ቁልቁለት ላይ የሚይዝሽ ሰው አያሳጣሽ። አሚን በይ።»

እንደገና ጠበቀ። አልቻልኩም። ምርቃት አሚን ካላገኘ መሬት ይወድቃል ሲባል ነው ያደግሁት። የሟች ምርቃት፣ ያውም አንዴ ብቻ የሚሰማ፣ በወረቀትና በሽቦ መካከል ሲወድቅ ተቀምጦ መስማት ነውር መሰለኝ። ባለቤቶቹ ተቀምጠው አሚን እያሉ ነው መቀዳት ያለበት ብዬ ቴፑን አቆምኩት። ኮምፒውተሩንም እንደነበረ ትቼ ውጭ በሚወርደው ዝናብ ውስጥ ወደ አደ ነፊሳ ቤት ሮጥኩ።

ባልሮጥ ኖሮ በአሥር ደቂቃ ሁሉም ተቀድቶ ያልቅ ነበር።

ይዣቸው ስመለስ አደ ነፊሳ ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ዘሀራ አጠገባቸው። ለካ እኔ ስሮጥ መብራት ሄዷል። የቀዳኋቸውን ሁለት ምርቃቶች ኮምፒውተሩ ውስጥ ገና አላስቀመጥኳቸውም ነበርና ከማያ ገጹ ጋር ጠፍተዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። አደ ነፊሳ መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መብራቱ ሲመጣ ካርዷ ተመልሳ ታፍናለች። የከፈትኩትን እንዲያስታውስ የሚያደርገው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው፤ ያን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በሁለቱ ዓይን ሥር መስመሮቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ቴፑን ተጫንኩ።

አንድ የታነቀ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ቴፑ ክሩን በላው።

ስከፍተው ክሩ በጎማው ላይ ተጠምጥሞ፣ ረጥቦ፣ ሦስት ቦታ ተበጥሷል። ላስለቅቀው ስነካው ቡናማ ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ። በእስክሪብቶ ልጠቀልለው ሞከርኩ። ይበልጥ ተበጠሰ።

«ሰምተኸዋል አይደል?» አሉ አደ ነፊሳ ቀስ ብለው። «ምን አለ?»

ነገርኳቸው። ስለ ጭቃው ስናገር ዘሀራ «አሚን» አለች። ስለ ዳገቱና ስለ ቁልቁለቱ ስናገር «አሚን» አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ከዚያስ?» አሉ እናቷ።

ከዚያማ የለም። ሁለቱም ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ እኔ ደግሞ ራሴን ገጣሚ ነኝ የምል ሰው ነበርኩ። «ቤትሽ የጨረቃ ማደሪያ፣ ስምሽ የአበባ መዓዛ ይሁን» አልኩ።

ዘሀራ አፏን ስትከፍት አደ ነፊሳ ጉልበቷን ያዝ አደረጉ።

«ተይ። ይሄ የአብዱ አይደለም።» ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ የሞተ ሰው አፍ ላይ ቃል አይጨመርም። ሁለት ካለ፣ ሁለት ነው።»

የተበጣጠሰውን ክር ለቃቅመው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩና ልጃቸውን አስከትለው ሄዱ። እሑድ አጎቷ መረቃት። እኔ ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም፤ የከበሮው ድምፅ ግን እስከ ሱቄ ይሰማ ነበር።

ዘሀራ ዛሬ አጋሮ ነው የምትኖረው፤ ሦስት ልጆች አሏት። ስንገናኝ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ ሻይ ካልጠጣህ ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ አንስታው አታውቅም። እኔ ግን አብዱ ሦስተኛ ምን ሊል እንደነበር ስገምት እኖራለሁ። ስለ ፍሬን ይሆን? ስለ ልጆች? ገምቼ ስጨርስ የሚወጣው ሁሌም የእኔ ቃል ነው።

ለሀያት ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳት። ክንዷን አጣምራ ሰማችኝ።

«ገባኝ» አለች። «አንተም ስማኝ። እኔ ጁምዓ የምለው እማ ጁምዓን እንድትደርስ ነው። አንተ አሁን የምትቀዳት እንደማትደርስ ስለቆረጥክ ነው።»

እውነቷን ነው። ያኔም ሲያስሮጠኝ የነበረው ሌላ አይደለም፤ ቆይቶ የተሻለ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። የሀያትን ተስፋ ከእጇ እየነጠቅኩ መሆኔን አውቃለሁ። የምሰጣት ምትክ የለኝም።

«ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?» አለች እናታችን ከትራሷ ላይ። «ከቤቱ ጀርባ ወንዝ ነበር እያልኳችሁ።»

«ምን ዓይነት ወንዝ፣ እማ?» አልኩና የስልኩን ቀይ ነጥብ ነካሁ።

ሀያት አንድ ጊዜ ስልኩን፣ አንድ ጊዜ እናታችንን አየች። ጫማዋን ሳታስር ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።