ከመድረኩ ጉድጓድ የወጣው ጩኸት

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳን ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ይህን የምጽፈው አምና እዚህ ቢቸና በእኔ ድምፅ የተነሳ ሰው ሊሞት ስለነበር ነው።

አሮጌው አዳራሽ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለራሱ ሰዎች ቲያትር ማሳያ የሠራው ነው ይባላል። ግድግዳው ድንጋይ፣ በሮቹ ቅስት፣ ሰገነቱ እንጨት ነው። ከመድረኩ ፊት አንድ ሰው የሚይዝ ጉድጓድ አለ። እዚያ የሚቀመጠው፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ ያስታውሳል። ድሮ በተመልካቹ በኩል የእንጨት መከለያ ነበረው አሉ፤ አሁን ስለሌለ ከጉድጓዱ የሚወጣ ድምፅ ወደ ተመልካቹም ያልፋል።

የከተማችን ወጣቶች ቲያትር ሲያዘጋጁ፣ ባጃጅ ነጂው ደሳለኝ «አንቺ መደበቅ ትወጃለሽ፤ ጉድጓዱ ያንቺ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ሆኖ ይሠራል።

የገበያ ቀን ስለነበር አዳራሹ በገበያተኛ ሞላ። ደሳለኝ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሚስት የሆነችውን ልጅ በፀጉሯ ጎትቶ ጣላት። «የሰው ያለህ!» ማለት ነበረባት። ጠፋት። በሹክሹክታ ነገርኳት፤ አልሰማችኝም። ደገምኩ። ቀበቶው አፍንጫዬ ሥር ወለሉን ሲመታ ደነገጥኩና ባለ በሌለ ድምፄ «የሰው ያለህ! ገደለኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

በእኛ አገር ይህን ሰምቶ የሚቀመጥ ወንድ የለም።

ከጉንደ ወይን በሬ ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ። «ሌላ ሴት ከወለሉ ሥር ቀብሯል!» እያሉ መድረኩ ላይ ወጡ። ዱላቸው መጀመሪያ የደሳለኝ ትከሻ ላይ፣ ቀጥሎ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሊከላከል ክንዱን ሲያነሳ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ደርሰው ይረግጡት ጀመር።

«ኧረ ቲያትር ነው!» ይላል ደሳለኝ።

«ቲያትሩን አሳይሃለሁ!» ይሉታል ሽማግሌው።

ደሙ በጣውላው ጠርዝ አልፎ የያዝኩት ወረቀት ላይ ተንጠባጠበ። ከጉድጓዱ ወጥቼ ደሳለኝ ላይ ተደፋሁ። አንድ ዱላ ጀርባዬን አገኘኝ።

«የጮኽኩት እኔ ነኝ! ማንም አልነካኝም!»

ሽማግሌው ጉድጓዱን አዩ፤ ወረቀቴን አዩ። ዱላው ከእጃቸው ወደቀ።

ደሳለኝ ክንዱን ወጌሻ ጠግኖለት ዳነ፤ ባጃጁንም ይነዳል። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይ ግን አሁንም መሬት ብትውጠኝ እላለሁ። ወደዚያ ጉድጓድ ተመልሼ አልገባሁም።

ሽማግሌው ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁት በመጡ ቀን እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

«ተይ ልጄ። ነገም ብትጮኺ እመጣለሁ።»