ንግግሩን ይዤ ወደ ቧንቧው

ቦንጋ፣ ከንጋቱ 11፡40

ጭጋጉ ጫካው ላይ እንደተኛ ተነሳን። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሳለሁ በዚህ መንገድ የምሄደው አይሱዙ ላይ ከቡና ጆንያ ጋር ተጭኜ ነበር። አሁን የፕሬዚዳንቱ ረዳት ነኝ፤ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ፣ ከረባትም አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ነገ ከዋጫ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ የሚያነቡት ንግግር አለ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ከሪፖርት ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ንጹሕ ውሃ ደጃችሁ በመድረሱ እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው መስመር በተለይ ያኮራኛል። አለቃዬ ሲሸኙኝ «ጸድቋል፤ አንዲት ቃል ብትነካ ወደ ሬዲዮህ ትመለሳለህ» ብለውኛል።

ሺሺንዳ፣ 1፡10

የገበያ ቀን ነው። ሙዝ፣ ማር፣ ባጃጅ፣ ጭቃ። ቆጮ በጎመን እየበላን ሳለ ሹፌሩ ጋሽ ገብሬ ትክ ብለው አዩኝ።

«ያኔ በሬዲዮ ቧንቧ የከፈቱት እርስዎ አይደሉም?»

ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያችው ቀበሌ ማይኬን ቧንቧው አፍ ላይ ደግኜ ከፈትኩት። ለአሥር ሰከንድ ያህል አገር በሙሉ ዝምታ አዳመጠ።

«እንዴት እንደሳቅን! አሁንስ ውሃው መጣ?»

«ሪፖርቱ መጥቷል ይላል።»

ጋሽ ገብሬ ማላመጣቸውን አቆሙ።

ከዋጫ ወዲያ፣ 3፡00

ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ቧንቧው ዙሪያ ቆመዋል። ከፊት ያኔ ቃለ መጠይቅ ያደረግሁላቸው እትዬ አስቴር አሉ።

«ወፍረሃል» አሉኝ፤ «በል ማይክህን አውጣና ክፈተው።»

«እትዬ፣ እኔ አሁን ጋዜጠኛ አይደለሁም።»

«እሱም አሁን ቧንቧ አይደለም። ክፈተው።»

ከፈትኩት። አንዲት ሸረሪት ወጣች። አፈርኩ። ያ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል መስመር ነገ እነዚህ ሴቶች ፊት ሊነበብ ነው። እንጀራዬም ያለው እዚያው መስመር ላይ ነው። እንደ ድሮዬ ስልኬን ቧንቧው አፍ ላይ ደግኜ ቀረጽኩና ለአለቃዬ ላክሁ። ወዲያው ደወሉ።

«የላክኸው ድምፅ ባዶ ነው!»

«አዎ ጌታዬ። ውሃው ነው።»

ነገ ፕሬዚዳንቱ ፊት ቧንቧው ቢከፈት ምን እንደሚሆን ገባቸው መሰለኝ። «መስመሩ ይውጣ» አሉ። «በምትኩ ምን ሊባል ነው ታዲያ?»

እትዬ አስቴርን አየኋቸው። አንዱን ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጡኝና የሚባለውን ይነግሩኝ ጀመር። እኔም «ክቡራን እና ክቡራት፣ የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች» ብዬ ጻፍኩ።

«ሰላምታውን አሳጥረው» አሉኝ እትዬ አስቴር። «ምንጩ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽ መመለስ አለብን።»