ባዶውን ጆንያ ማሽተት

የቡና ነጋዴው የአብዱልፈታሕ ልጅ ፈድሊያ ሰማይ ላይ የሆነ ነገር እንደምታጠና በጅማው ቦሳ አዲስ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ ነገሩ የገባው ግን ብዙ አልነበረም። ለሁለተኛ ዲግሪ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ግቢ ስትገባ ዘመድ ሁሉ መንገድና ድልድይ ትሠራለች ብሎ ነበር። እሷ ግን በሌሎች ፀሐዮች ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶች አየራቸው ከምን እንደተሠራ ላጥና አለች። ከደዶ የመጣችው አክስቷ ረይሃና የእኛ አየር ምን አነሰሽ ብትላት፣ የእኛንማ እየተነፈስሽው ነው፣ ያኛውን ማን ያይልኛል ብላ መለሰችላት። ፈድሊያ እንዲህ ናት፤ መልስ አታሳድርም። ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው ላላት ሁሉ ደግሞ ኮከቡ ፓስፖርት ጠይቋት እንደማያውቅ ትነግረዋለች።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ፣ ከኮከቡ ብርሃን ጥቂቱ በፕላኔቷ አየር ውስጥ ሾልኮ ይመጣል። እያንዳንዱ ጋዝ ከዚያ ብርሃን የራሱን ቀለም ያስቀራል፤ የጎደለውን ቀለም ያወቀ አየሩ ውስጥ ያለውን ያውቃል። ብርሃኑን የሚለቅመው ሕዋ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ነው። መረጃው ለፈለገ ሁሉ ክፍት ስለሆነ ፈድሊያ ጅማ ቁጭ ብላ በኮምፒዩተር ታወርደዋለች። መብራት ሲጠፋ ትራገማለች፣ ሲመጣ ትቀጥላለች።

ባለፈው ዓመት፣ የቡናው ለቀማ እንዳበቃ፣ በአንድ ትንሽ ቀይ ኮከብ ዙሪያ በምትዞር ፕላኔት ላይ የውሃ እንፋሎት ምልክት አየች። በቀጥታ ወደ አባቷ መጋዘን ሄዳ፣ "አባ፣ ውሃ ያገኘሁ ይመስለኛል" አለችው። አብዱልፈታሕ አቅፏት አለቀሰ፤ ከዚያ እንባውን ጠርጎ ወደ ገበያ ወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወሬው ሰፈሩን ሞላ። ማምሻውን ፕላኔቷ ባሕር ነበራት፤ በማግስቱ ዓሣም ገብቶበት ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌ ሀጂ ሀቢቡላህ በሚቀጥለው እሁድ በግ ታርዶ ዱዓ እንዲደረግላትና ካባ እንዲደረብላት ወሰኑ።

በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ቡና ሽታ ይስባል፤ ላምባ ነክቶት በነበረ ጆንያ ከገባ ላምባ ላምባ ይላል፣ ቀማሹም የሚኮንነው ቡናውን ነው። ስለዚህ በአብዱልፈታሕ መጋዘን ቡና ከመሞላቱ በፊት ባዶው ጆንያ ይሸተታል። ይህ ከልጅነቷ ጀምሮ የፈድሊያ ሥራ ነበር። በዚያ ሳምንትም አባቷን ልታግዝ መጋዘን ገብታ ባዶ ጆንያ ወደ አፍንጫዋ እያስጠጋች ሳለ መልሳ አስቀመጠችው። ብርሃኑ የመጣው ከኮከቡ ነው፤ ጆንያው እሱ ነው። ኮከቡን ለብቻው መርምራዋለች? አልመረመረችውም። ኮከብ እሳት ነው፣ እሳት ውስጥ ውሃ ምን ይሠራል ብላ አልፋው ነበር።

ተመልሳ አየችው። እንዲህ ያለ ቀይ ኮከብ ከእኛ ፀሐይ ይቀዘቅዛል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ ይበልጥ የቀዘቀዙ ነጠብጣቦች አሉት፣ እነሱ ላይ የውሃ እንፋሎት ይኖራል። ያየችው ምልክት በሙሉ ከነዚያ ነጠብጣቦች ሊመጣ ይችላል። ፕላኔቷ የራሷ ውሃ ይኑራት አይኑራት መለየት አልተቻለም። አማካሪዋ ዶክተር እሱባለው ስሌቱን አይቶ ልክ ነሽ አላት፤ ለሰፈሩ የምትለውን ግን ለራሷ ተወላት።

እናቷ ዩምና ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። በጉ ተገዝቷል፣ ሰው ተጠርቷል፤ እሁድ ይለፍና ቀስ ብለሽ ትናገሪያለሽ ብላ ለመነቻት። ፈድሊያ እንቢ አለች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው አለች። እናቷ ግን አንድ ነገር ጨመረች፦ "አባትሽ በዚያ ገበያ እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል?"

ይህ ከበዳት። ከየትኛውም ፕላኔት ይልቅ አባቷን ትወዳለች። ቅዳሜ ሁሉንም ነገረችው። አብዱልፈታሕ እስከ መጨረሻው አዳመጣትና ለመግሪብ ሶላት ወጣ። ሲመለስም አላናገራት።

እሁድ ሀጂ ሀቢቡላህ ካባውን ይዘው ሲጠጓት ፈድሊያ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

"ሀጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ካባውን አልለብስም። ውሃ አላገኘሁም። የለም አልልም፤ አለም አልልም። አላውቅም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሀጂ ካባውን እንደያዙ ቀሩ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ የተሰበሰብነው ለምንድን ነው?"

"እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ነገ ሌላ ኮከብ እጀምራለሁ።"

ንግግሯ ለሽማግሌ የሚባል አልነበረም፤ ጉርምርምታው ተነሳ። ያን ጊዜ አባቷ ከተቀመጠበት ቆመ። ፈድሊያ ሊቆጣኝ ነው ብላ ጠበቀች።

"ልጄ የነገረችኝ 'ይመስለኛል' ብላ ነው" አለ። "'ይመስለኛል' የሚለውን መንገድ ላይ ጥዬ ገበያ የገባሁት እኔ ነኝ።"

ይህን ብሎ ሳያያት ተቀመጠ። ሀጂም ካባውን አጥፈው አስቀመጡና ዱዓው ለሚቀጥለው ኮከብ ይሁን አሉ። በጉ እንደሆነ ቀድሞ ታርዷል፤ የሳቀውም ሰው ሳይቀር በላ።

ሰኞ ጠዋት ፈድሊያ ወደ ግቢ ከመሄዷ በፊት መጋዘን ገባች። አባቷ አሁንም ሳያያት ቡናውን ይመዝናል። አጎንብሳ ጆንያ ስታሸት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቡና ነጋዴ ጣሰው ገበያው እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አብዱልፈታሕ፣ የልጅህ ውሃ ደረቀ አሉ?" አለ። ፈድሊያ ቀና ማለት አቃታት።

አብዱልፈታሕ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ።

"ልጄ በሰው ሁሉ ፊት አላውቅም ብላለች" አለው፣ ከጣሰው ድምፅ በላይ ጮክ ብሎ። "አንተ ስለ ቡናህ አንድ ቀን እንዲህ ብለህ ታውቃለህ?"