በሣጥን ውስጥ የነበሩት አባቶች

ልጅ ሳለሁ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ገደማ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እናቴ ወደምትሠራበት ቤት ስደርስ ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቶ ነበር።

«አክስቴ፣ ባዕዶች ናቸው አልኩሽ እኮ! የማናውቃቸው ሰዎች ወረቀት ነው» ይላል ሲኞር ካርሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የአሮጌ ወረቀት ሣጥን እያመለከተ፣ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት በእጁ ይዞ።

«የማታውቃቸው አንተ ነህ» አሉ ሲኞራ ግዌን። «እኔ የእነሱን ታሪክ የሰማሁት አባቴ ጉልበት ላይ ተቀምጬ ነው።»

ፈርቼ ከበሩ ኋላ ቆምኩ።

ሲኞራ ግዌን እናቴ የምትንከባከባቸው የዌልስ ሴት ነበሩ። አባታቸው በሱፍ ንግድ ወደ ሮም መጥተው እዚሁ ቀሩ። ያኔ፣ ቀኑ ሲመሻሽ፣ እናቴ ሾርባውን እስክታሞቅ ሲኞራ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና ያወሩልኝ ነበር። የማሞቂያው ቀይ ብርሃን ጉልበታቸው ላይ አርፎ፣ መብራቱ ገና ሳይበራ፣ ዌልስ ውስጥ ወንዝ ዳር ስለቆመው የቤተሰባቸው የመጀመሪያ ቤትና ከግድግዳው ስለማይለቀው የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣ የከሰል ጭስ ስላጠቆረው የወደብ መጋዘን፣ መስኮቱ ላይ አምስት ፋኖስ ይበራበት ስለነበረው የከተማ ሱቅ ይነግሩኛል። ሦስቱንም ሳላያቸው አውቃቸው ነበር።

ሲኞር ካርሎ የወንድማቸው ልጅ ነው። ሲኞራ ወደ እሱ ቤት ሊዛወሩ ስለሆነ ዕቃ ሊቀንስ ነበር የመጣው። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ለዓመታት ሲፈልግ ኖሮ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጧል።

«አሎራ፣ እንግዲህ ተመልከቺ። የእኛ ኮኞሜ፣ የቤተሰብ ስማችን፣ ቶማስ ነው። ከአያትሽ ከዊልያም ቶማስ በላይ ግን ማንም የለም። የሱቁ ባለቤት ቶማስ ዴቪድ ይባላል፤ የመጋዘኑ ዴቪድ ሪስ፤ የወንዝ ዳሩ ቤት ደግሞ ሪስ ሞርጋን። ሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው!»

ሲኞራ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ዘረጉ። እሱ ግን የወረቀቱን ሣጥን አንስቶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው።

እናቴ ሳህን ማጠቧን አቆመች። በዚያ ቤት ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም።

«ይቅርታ ሲኞር። እኔ ዘነበች ካሳ ነኝ። ልጄ ሜሮን ግርማ ናት። ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፖሊስ ቢሮ ኩዌስቱራ በሄድን ቁጥር ‹ልጅሽ ከሆነች ኮኞሜያችሁ ለምን ተለያየ?› ይሉናል።»

ፊቴ ጋለ። ያኔ በዚህ ነገር አፍር ነበር። መምህራችን «ሲኞራ ግርማ» ብላ ስትጠራት እናቴ ዞር አትልም፤ ልጆቹ ሲስቁ እኔ መግቢያ አጣለሁ።

«የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው» አለች እናቴ፣ ጣቶቿን እያጠፈች። «ዘነበች ካሳ። ካሳ ወርቁ። ወርቁ ገብሬ። ገብሬ ይመር። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አባቴ ነው ያስጠናኝ። አሁን የእርስዎን ልቁጠር። ዊልያም ቶማስ። ቶማስ ዴቪድ። ዴቪድ ሪስ። ሪስ ሞርጋን።»

ሲኞራ ጣታቸውን ከእናቴ ጋር ሲያጥፉ አየሁ።

«ግምት ነው» አለ ሲኞር ካርሎ።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ግምት ነው። የክርስትና ወረቀት የለም እንዴ?» አለች እናቴ።

እየተነጫነጨ ከሣጥኑ አንድ የወየበ ወረቀት መዘዘ። አነበበው። ወደ መስኮቱ ቀርቦ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ «ዴቪድ፣ የሪስ ሞርጋን ልጅ» አለ።

«የወንዝ ዳሩ ሪስ!» አሉ ሲኞራ፣ እንደ ሕፃን እያጨበጨቡ።

ሲኞራ የነገሩኝ ቤቶች ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታዩኛል። ከሁሉም በላይ በልቤ የቀሩት ግን ሳሙና ያልደረቀባቸው የእናቴ ጣቶች ናቸው፤ አራት ዓመት ወለሉን ስትወለውል ማንም ምን እንደምታውቅ ያልጠየቃት ሴት፣ የሰውን ቤት አባቶች አንድ በአንድ ወደየቦታቸው ስትመልስ። አሁንም ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ ስሜን ስጠየቅ ግን ቀስ ብዬም ቢሆን ሙሉውን እናገራለሁ።

ያን ቀን ሲኞር ካርሎ ሣጥኑን ከከረጢቱ አውጥቶ አክስቱ ጭን ላይ አስቀመጠው። ባዶውን ከረጢት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።