የአባቴ ፒካፕ ዲስክ ፍሬን ሲገባላት

አባቴ ሰበታ ውስጥ ሁለት የወተት ላሞች አሉት። ድርቆሽ የሚያመጣላቸው ከሱሉልታ ነው። እዚያ እህቱ ስላለች፣ ሳሩንም ዘመዱንም በአንድ መንገድ ያገኛል። መኪናው በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ፒካፕ ናት። አራቱም ጎማዋ የሚቆመው በታምቡር ፍሬን ነበር፤ ጭነት ይዛ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ይከዳል።

ዓምና ክረምቱ እንዳለፈ አባቴ በፍሬኑ ማማረር ጀመረ። «ስረግጠው አይሰማኝም» ይል ነበር። እኔ መንዳት አልችልም፣ ስለ መኪናም አላውቅም። የመጣልኝ መፍትሔ ከሰው የሰማሁት ነው፤ የፊቱን ታምቡር አውጥቶ ዲስክ ማስገባት።

ቡራዩ ያለው መካኒክ ሳቂታ፣ ወፍራም ሰው ነው። «አካም ጅርቱ» ብሎ አባቴን ሳመውና ወሬውን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት። ተጋጭታ ከተፈታች ሌላ ፒካፕ ላይ ዲስኩን፣ ጨምቆ ከሚይዘው ካሊፐር ጋር፣ አግኝቶ እንደሚገጥምልን ነገረን። ሥራው ግን እንደ ወሬው አልቀለለም። ዲስኩ ሲገኝ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ እምቢ አለ፤ ሞዞው ሲለወጥ የጎማው ቸርኬ ካሊፐሩን ነካ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን፣ ድንጋይ ላይ ተደግፋ የቆመችውን ጎማ አልባ መኪናችንን አይተን እንመለስ ነበር። ላሞቹ ገለባ ሰለቻቸው፣ ወተታቸውም ቀነሰ።

በመጨረሻ አለቀ። መካኒኩ ራሱ ነድቶ አሳየን፤ ነካ ሲያደርጋት ቀጥ ብላ ቆመች። አባቴ ሲነዳ ግን በያዘ ቁጥር በግንባራችን መስታወቱን ልንመታ ደረስን። መካኒኩ «ለዲስክ አዲስ ስለሆኑ ነው፣ ይለምዱታል» አለው። አመንነው።

በሳምንቱ ሱሉልታ ሄደን ድርቆሹን እስከ ላይ ጫንን። ተራራውን አልፈን ወደ ከተማው ቁልቁል ስንጀምር፣ ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና እየተንፏቀቀ ይወርዳል።

«አባዬ፣ ፍሬን ያዝ» አልኩት።

«ይዣለሁ።»

መኪናዋ ግን ጭራሽ ፈጠነች። የሲሚንቶው መኪና ቀረበን። የማደርገው ጠፍቶኝ የበሩን እጀታ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

«ይዣለሁ እኮ» አለ፤ ድምፁ ተቀይሯል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀኝ እግሩ ከፍሬኑ አጠገብ፣ ባዶው ወለል ላይ ነው። ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ወለሉን ይረግጣል። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት፤ እሱም መሪውን ወደ ተራራው በኩል ጠመዘዘው። መኪናዋ ቦዩ ውስጥ ገብታ አፈሩን ተደግፋ ቆመች። ግማሹ ድርቆሽ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። እኛ ምንም አልሆንንም።

ሰዎች እየሮጡ ሲመጡ አባቴ አልወረደም። ጭኑን በእጁ ይዞ እግሩን አነሳና ፍሬኑ ላይ አስቀመጠው።

«አሁንስ ላዩ ላይ ነኝ?» አለኝ።

«ነህ» አልኩት።

ስኳር እንዳለበት ስንት ዓመት እናውቃለን፤ እግሩን እንዲህ እንዳደነዘዘው ግን አላወቅንም። ሐኪም ቤት ስወስደው፣ ሐኪሟ ዓይኑን አስጨፍና የእግሩን ጣቶች በቀጭን ነገር ስትነካካ፣ አንዱንም አልለየም። የጠፋው ስሜት ይመለስ እንደሆን ጠየቅኳት። እንዳይብስ መጠበቅ ነው አለችኝ። ስንወጣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሳልጠይቀው እጄ ላይ አኖረው። እኔ ደግሞ መንዳት የማልችል ሰው ነኝ።

አሁን ድርቆሹን የአክስቴ ልጅ ያመጣል። በመጣ ቁጥር የመኪናዋን ፍሬን ያደንቃል፤ አባቴ «እሰይ» ብሎ ወደ ላሞቹ ይሄዳል። አባቴን አብሮት ሱሉልታ ደርሶ እንዲመለስ ስለምነው ላሞቹ ብቻቸውን ይሆናሉ ይለኛል።

እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ። ሐኪሟ እንዳዘዘችው ውሃውን አስቀድሜ በክርኔ እሞክረዋለሁ። እግሩን ከነከረ በኋላ ቀና ብሎ ያየኛል።

«ሞቅ ያለ ነው?» ይለኛል።

«ለብ ያለ ነው» እለዋለሁ።