ሁለት ነቀርሳ ባንድ ሆድ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። እናቴ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሸኘችኝና ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት እጄን ይዛ «ሐዋ፣ ሰው ቤት ነሽና ታመምኩ አትበዪ» አለችኝ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ ተንቀጠቀጥኩ። የቆላ ልጅ ነኝ፤ ብርድ ማለት ይሄ ነው ብዬ ነበር። ለሥራ የሄድኩባትን ቤይሩትን ገና አላየሁማ! የባሕሩ ብርድ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነው የሚያድረው። ወጣቸውም ሎሚ እንጂ በርበሬ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ሰውነቴ እየከሳ ሆዴ ብቻ ይገፋ ጀመር። አሠሪዬ ማዳም አንድ ቀን ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ አፈጠጠችብኝ።

«ሐሚል?» አለች። እርጉዝ ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ማዳም፣ ከቤት መቼ ወጥቼ?»

«ታዲያ ሆድሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«እኔም እሱን ባወቅኩት።»

የእርግዝና መመርመሪያ ሦስት ጊዜ ገዛች። ሦስቴም የለም ሲል ፋርማሲውን ሰደበች። ሐኪም ቤት የወሰደችኝ የቀመስኩትን ሁሉ እያስመለስኩ ምንጣፏ ላይ ስወድቅ ነው።

ሐኪሙ ሆዴን ዳብሶ፣ አገርሽ ያልፈላ ወተት ትጠጪ ነበር ወይ አለኝ። በወጥ ቤት ዓረብኛዬ፣ እኛ ጋ ወተት የሚፈላው ለታመመ ሰው ብቻ ነው አልኩት። አንጀቴ ስለተዘጋ በዚያው ቀን ቀደዱኝ።

የምርመራው ውጤት የመጣ ቀን፣ ሆስፒታሉን የምታጸዳ እትዬ ዘምዘም የምትባል የወሎ ሴት እንድታስተረጉም ተጠራች። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ።

«ነቀርሳ ነው ይላል» አለችኝ።

«የትኛው? ቲቢው ነው ወይስ ካንሰሩ?»

«ሁለቱም።»

«እትዬ፣ እንዴት ሁለቱም ይሆናል?»

«እኔም ደግሜ ጠየቅኩት፣ ልጄ።»

ለካ ቲቢ ባልፈላ ወተት ሆድም ይገባል። አንጀቴን አጥብቦ ዘግቶት ኖሯል፤ የጠበበውን ቆርጠው ጥለው ደህናውን ከደህናው ሰፉ። ያኔ ነው ጨጓራዬ ላይ እንቁላል የሚያህል፣ ማንም ያልጠረጠረው እጢ ያዩት። እሱንም አወጡት፤ ካንሰር ሆነ።

«ቲቢው ባይኖር አናገኘውም ነበር፣ ዕድለኛ ነሽ ይልሻል» አለች እትዬ ዘምዘም።

ዕድለኛ! የቲቢውን መድኃኒት ለወራት ሳላቋርጥ ከዋጥኩ እድናለሁ። ካንሰሩ ግን ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ አስጠየቅኩት፤ ሐኪሙ በየጊዜው እናያለን ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ማዳም ልብሴን በፌስታል አምጥታ የሆስፒታሉ በር ላይ አስቀመጠች። የሆድ ቲቢ በትንፋሽ አይተላለፍም ቢሏትም አልሰማችም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘምዘም ጋ አንዲት ክፍል ውስጥ ነኝ። እሷ ስትሠራ ትውላለች፤ እኔ ቁስሌን ይዤ ጣሪያ አያለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ለእናቴ ደወልኩ።

«ምን አሉሽ?» አለች።

«ነቀርሳ ነው አሉኝ፣ እማ።»

«የሳሏ ነቀርሳ? ቲቢዋ?»

«እሷው። ሆዴ ገብታ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ደግሞ ክፉው መስሎኝ! የጎረቤታችንን የፋጡማን ልጅ ይዞት አልነበር? መድኃኒቱን ጨርሶ ይኸው የማሾ ማሳ ሲያርም ይውላል። ብቻ እንዳታቋርጪ።»

«አላቋርጥም።»

«ሌላስ ያሉሽ ነገር የለም?»

ካንሰሩን ልነግራት ስል «ታመምኩ አትበዪ» ያለችኝ ትዝ አለኝና ስልኩን ከአፌ አራቅኩት። መስመሩ የተቋረጠ ሳይመስላት አይቀርም፣ «ሐዋ? ሐዋ፣ ትሰሚኛለሽ?» ትላለች።