ለኦርቪል የሚቀልል ጠመንጃ

ኦርቪል ትዌተን ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መስከረም ከጠባ እቤቱ አይገኝም፤ ከውሻው ከቲሊ ጋር በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ቆቅ ፍለጋ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ጠመንጃ መሸጫዬ ሲገባ እጆቹን አይቼ ደነገጥኩ። ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ ይዞታል፤ ከዚህ የአደን ወቅት ወዲያ ሌላ እንዳይጠብቅ ሐኪሞቹ ነግረውታል። ቀላል ጠመንጃ ፈልግልኝ አለኝ። ቀላል ጠመንጃ ደግሞ ትከሻን እንደ በቅሎ ነው የሚረግጠው፤ ስለዚህ ርግጫው ለስለስ የሚለውን፣ ሲተኮስ ራሱ የሚያቀባብለውን አወጣሁለት። ትከሻው ላይ ሲያደርገው አፈሙዙ ተንቀጠቀጠ። ከእሱ የቀለለ ሰጠሁት፤ ያም ከበደው። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሁሉ ቀላሉን፣ አምስት ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ የሚመዝነውን አቀበልኩት። እሱንም መልሶ አስቀመጠው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና ተቆጣሁ።

«ከዚህ የሚቀልል ካማረህ መጥረጊያ ግዛ፣ ኦርቪል።»

«መጥረጊያም ይዤ ሞክሬያለሁ» አለ ሳይስቅ። «ቲሊ ጠመንጃ ካላየች ከመኪና አትወርድም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለእሷም የመጨረሻዋ ነው። መተኮሱ ይቅርብኝ፣ ብቻ አብሬያት ልሂድ።»

አፈርኩ። የቀላሉን ጠመንጃ ሆድ ፈትቼ፣ ብረታ ብረቱንና ሞላውን አውጥቼ የማይተኩሰውን ቀፎ ሰጠሁት። አሁን ያዘው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ እኔ ጅሉ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚስቱ ማርዲስ መጣች። ቲሊ ቆቅ አሽትታ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር አለችኝ። ቆቋ ብርር ስትል ኦርቪል ከልማዱ ቀፎውን አነሣ። የቲሊ ጆሮ ከደከመ ቆይቷልና ጥይት አለመጮኹን አላወቀችም፤ ጠመንጃ ከተነሣ ወፍ ይወድቃል ብላ ሣሩ ውስጥ ገባች። ፈለገች፣ ፈለገች፤ ቢጎትቷትም አልመጣም አለች። ኦርቪል እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ዕድሜዋን ሙሉ አምናኝ ዋሸኋት» እያለ እንቅልፍ አጥቷል አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ፣ ጠመንጃዬን ይዤ ከባልና ሚስቱ ጋር ወጣሁ። ቲሊ ቆመች፤ ቆቋ ተነሣች። ኦርቪል ባዶውን ሲያነሣ ከጎኑ ሆኜ እኔ ተኮስኩ። ቆቋ ወደቀች። ቲሊ በአፏ ይዛ እኔን ዞር ብላ ሳታይ አልፋኝ ወደ እሱ ሄደች።

ኦርቪል እጁን ዘረጋ። ወፏ በጣቶቹ መሃል ሾልካ ወደቀች። ቲሊ አንሥታ እንደገና ሰጠችው፤ አሁንም ወደቀች። ለሦስተኛ ጊዜ አነሣቻት፤ ግን አልለቀቀችም፤ አፏን መዳፉ ላይ አሳርፋ ዓይን ዓይኑን እያየች ቆመች። ማርዲስ ልትቀበልለት እጇን ሰደደች።

«ተዪ» አላት። «እሷ ትያዝልኝ።»